«እጮኛሽ ደብተራ ነው እንዴ?!»

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ከእናንተ መሀል «አገርህ የት ነው?» ብሎ ጠይቆ፣ የተነገረውን መልስ እስከ ሥሩ ያጣራ ማን አለ? የለም! እኛ የከተማ ልጆች የምናጣራው ሌላ ነው። ደሞዙን፣ የቤት ኪራዩን፣ የድሮ ገርል ፍሬንዱን... አገሩን ግን «ባህር ዳር» ካለን ባህር ዳር ነው፣ አለቀ።

ጓደኛዬም አለቀ ብላ ነበር። ከሷ ጋር አስራ ሁለተኛ ክፍልን አብረን ነው የጨረስነው። እሷ ኮሌጅ ገባች፣ እኔ ወደዚህ ወደ ጽሑፉ አዘነበልኩ። ልጁን ያገኘችው መሥሪያ ቤቷ ውስጥ ነው። የሒሳብ ሠራተኛ፣ ሸሚዙን ተኩሶ የሚለብስ፣ ጫማው ጭቃ የማያውቅ፣ ትንሽ ዝምተኛ። ስለ ልጅነቱ ሲጠየቅ ብቻ ወሬ ያዞራል። «አባቴ አስተማሪ ነበሩ፣ ሞተዋል፣ ባህር ዳር ነው ያደግኩት» ብሏታል። ሁለት ዓመት ይህንኑ ይዛ ኖረች። ሽማግሌ ተላከ፣ ሰርጉ ለግንቦት 2013 ዓ.ም ተቆረጠ፣ ለአዳራሹም ቀብድ ተከፈለ።

ታዲያላችሁ በዚያው ዓመት ጥር 11 ቀን ሦስታችንም ጃን ሜዳ ነበርን። ሊቃውንቱ ጸናጽልና መቋሚያቸውን ይዘው ያሸበሽባሉ። እኔና እሷ ፎቶ እንነሳለን፣ እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ቆሟል። ጣቶቹ ጭኑ ላይ አንድ ነገር ይቆጥራሉ። ድንገት ጮክ ብሎ «ድፋቷን ዘለላት!» አለ።

«ምኗን?» አለችው።

«ድፋቷን... ተይው፣ ምንም አይደለም።»

እኔማ ስለ ድፎ ዳቦ የሚያወራ መስሎኝ ስቄ ነበር። ድፋት የዜማ ምልክት መሆኑን በምን አውቄ! ጓደኛዬ ግን አልሳቀችም። አንድ ሳምንት ሙሉ እየጠየቀች አላስቀምጥ አለችው። በሳምንቱ እሁድ ማታ ተነፈሰው።

ጉድ በሉ! የባህር ዳር ልጅ አይደለም። የእስቴ ገጠር ልጅ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው ከቤት ጠፍቶ፣ በእግሩ ሄዶ፣ ጋይንት ቤተልሔም ገባ። ሰባት ዓመት ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቦ፣ በየደጃፉ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ለምኖ ዜማ ተማረ። ለሽምግልና የመጡት «አጎቶቹ» ደግሞ ሁለት የመሥሪያ ቤት ሰዎችና የድሮ አከራዩ ነበሩ!

ወሬው እናትየው ጆሮ የደረሰው በማግስቱ ነው። ምን አለፋችሁ፣ ቤቱ ለቅሶ ቤት መሰለ። «እጮኛሽ ደብተራ ነው እንዴ?! መስተፋቅር አድርጎብሽ ነው! እኔስ ይቺ ልጅ ምግብ ማስቀረቷ ምንድነው እያልኩ...» ልጂቱ ምግብ የምታስቀረው ለሰርጉ ቀሚስ ልትቀጥን መሆኑን ብነግራቸውም የሚሰማኝ አላገኘሁም። ሦስት ቀን ጠበል አመላለሷት።

እዚህ ላይ ቆም ልበልና፣ ይህ «ደብተራ» የሚባል ቃል በኛ ሰፈር ምን እንዳደረግነው አስቡት። ማኅሌት የሚቆመው፣ ዜማውን ከነምልክቱ የሚያውቀው የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ማለት እኮ ነው። እኛ ግን ስሙን ስንሰማ የሚታየን በሌሊት ሥር የሚቆፍር፣ ክታብ የሚጽፍ ሰው ነው። እንዲህ የሚያደርግ የለም አልልም። ግን ለአንዱ ጥፋት ሁሉንም ስንፈርጅ፣ ልጁ የተማረውን ደብቆ «ኤክሴል እችላለሁ» ብቻ እያለ መኖሩ ይገርማል? ቢናገር አንዱ «ፋራ»፣ አንዱ «ቆሎ ለማኝ»፣ ሌላው «መተተኛ» ሊለው ነው። መደበቁ ገባኝ። አባት ፈጥሮ ቀብሮ መምጣቱ ግን... ቆይ፣ እደርስበታለሁ።

ጓደኛዬ ቀለበቱን አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና አንድ ነገር ብቻ አለችው፤ «ያደግክበትን አሳየኝ። አይቼ እወስናለሁ።» እናትየው ደግሞ «ብቻዋን አትሄድም!» ስላሉ እኔ ዘበኛ ሆኜ ተከተልኩ። የካቲት ገባ ባለ ጊዜ፣ ጾሙ ሳይያዝ መሆኑ ነው።

ባህር ዳር አድረን በጠዋት ሚኒባስ ያዝን። ወረታ ላይ ወደ ቀኝ ሲታጠፉ የሚጀምረው መንገድ በደርግ ዘመን ቻይናዎች የሠሩትና እስከ ወልዲያ የሚዘልቀው ነው። አገሬው እስካሁን «የቻይና መንገድ» ይለዋል። የፎገራን የሩዝ ማሳ ትተው፣ የአውራ አምባን መታጠፊያ አልፈው፣ ሽቅብ ሲወጡ ደብረ ታቦር ናት። እዚያው አጠገብ ጋፋት አለች። አፄ ቴዎድሮስ ያንን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በአውሮፓ ባለ እጆችና በአገሬው ሠራተኞች ያሠሩባት መንደር። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቀጠሮ ይዛችሁ ስትጠባበቁ የምትደገፉት ምስሉ ነው፤ ዋናው እስካሁን መቅደላ ተራራ ላይ ተኝቷል። 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን ብረት ንጉሡ ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ዓ.ም መንገድ እያስቆፈሩ፣ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ የወሰዱት በጋይንት በኩል ነው። እኛ በሚኒባስ እየሄድን እንኳን ዳገቱ ላይ ሞተሩ ሲያቃስት ይሰማ ነበር!

ከዚያ ወዲያ ብርድ ነው። ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጉና ተራራ አጠገብ ያልፋሉ። ገብስና ድንች፣ የበግ መንጋ፣ ጋቢውን እስከ ዓይኑ የተከናነበ እረኛ። የላይ ጋይንቷ ከተማ ስሟ ነፋስ መውጫ ነው። ስም አወጣጥ እንዲህ ነው እንጂ! ስወርድ ነጠላዬን ነፋስ ወስዶብኝ አንድ ልጅ ሮጦ አመጣልኝ።

ልጁ እየቀረብን በሄድን ቁጥር ይበልጥ ዝም አለ። ከመኪና ወርደን በእግር ስንጀምር ያ የተወለወለ ጫማ አቧራ ጠጣ። ከፊታችን ደበሎ የለበሱ ሦስት ሕፃናት አኩፋዳ አንግበው፣ ለውሻ የሚሆን ዱላ ይዘው መጡ። ትልቁ አስር ዓመት ቢሆነው ነው። እጮኛ ተብዬው ቆመና ትንሹን ልጅ «አንተ ከየት ነህ?» አለው። «ከስማዳ» አለ ልጁ። ብር ሊሰጠው ኪሱ ገባና እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጓደኛዬ አየችው፤ ምንም አላለችም።

ለማያውቁ አንባብያን ትንሽ ላስረዳ። ቤተ ክህነት ውስጥ እያንዳንዱ ትምህርት የራሱ ማስመስከሪያ ቦታ አለው። ቅኔ የሚፈልግ ዋሸራ፣ ጎንጅ ወይም ዋድላ ይሄዳል። ዝማሬ መዋሥዕት የሚፈልግ እዚያው ጋይንት ውስጥ ዙር አባ ይወጣል። ድጓ የሚባለውን፣ በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው የቅዱስ ያሬድ ድርሰት ነው የሚባለውን፣ የዓመቱን በዓላት ሁሉ የሚሸፍን ትልቅ የዜማ መጽሐፍ ያስመሰከረ ሰው «የት አስመሰከርክ?» ሲባል፣ የሚያኮራው መልስ «ቤተልሔም» ነው። አጫብር አለ፣ ቆማም አለ፤ የየራሳቸው የዜማ ባህል አላቸው። የቤተልሔሙ ግን በሰፊው የተሠራጨው ነው። ተማሪው ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ የሚባሉትን ዜማዎች ይለያል። ከፊደሉ በላይ የሚጻፉትን ይዘት፣ ደረት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ቁርጥ የሚባሉ ምልክቶች ያጠናል። ምልክቶቹን በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን ያዘጋጁት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው ይባላል። መጽሐፉን ደግሞ ተማሪው በገዛ እጁ ይገለብጣል። ይህ ሁሉ በዓመታት እንጂ በወራት የሚያልቅ አይደለም፤ ያውም በቁራሽ!

የተማሪዎቹ ጎጆዎች ጋ ስንደርስ የዜማ ድምፅ ከየአቅጣጫው ይሰማል። የኔታ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ደክሟል። ልጁ ከሩቅ ጫማውን አውልቆ ሄደና ጉልበታቸውን ስሞ ተንበረከከ።

«የኔታ፣ እንዴት ሰነበቱ?»

«ማነህ አንተ? ድምፅህን አውቀዋለሁ።»

«እስቴ ነኝ የኔታ።»

እዚያ ተማሪ የሚጠራው በአገሩ ስም ነው። ጎጃም፣ ስማዳ፣ ወሎ፣ እስቴ...

«የትኛው እስቴ? በሌሊት የጠፋው?»

«አዎ የኔታ።»

ዝም ተባለ። እኔ «አሁን ይረግሙታል» ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን «የቱ ጋ ደርሰህ ነበር?» አሉት። ነገራቸው። «በል ከዚያው ጀምር።»

እንግዲህ አስቡት፣ አስራ አንድ ዓመት አልፏል! መጀመሪያ ድምፁ ተሰባበረ፣ ሳል ያዘው። ከዚያ ቀስ እያለ ተከፈተ። እኔ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ጥግ ድረስ የምሰማ ሰው አይደለሁም፣ ግን ያን ቀን ፀጉሬ ቆመ። ጓደኛዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። ጥሩ እየሄደ እያለ የኔታ ዱላቸውን መሬት መቱና፣

«ድፋቷን ዘለልካት!» አሉ።

ሳቄ አመለጠኝ። እሱ ግን አለቀሰ። እንደ ሕፃን ነው ያለቀሰው።

ያን ጊዜ አንድ ጠይም ጎልማሳ ከጎጆ ወጥቶ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ። ስማዳ ነው። አብረው ለምነው የበሉ፣ አንድ ደበሎ ለሁለት የለበሱ። ስማዳ አልጠፋም፤ አስመስክሮ እዚያው ቀርቶ ለትናንሾቹ ያስቀጽላል። ተመልሶ ጎጆው ገባና በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ መጣ። ሲፈታው ባለ መስመር ደብተሮች ናቸው፣ በጥቁርና በቀይ ቀለም የተጻፉ፣ ጠርዛቸውን ጢስ ያጠቆራቸው። እስቴ ሲገለብጠው የነበረው፣ ሳይጨርሰው ጥሎት የሄደው ድጓ! «ትመጣለህ ብዬ ነው» አለው ስማዳ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ቤተ ክርስቲያኑን ያየነው በማግስቱ ጠዋት ነው። በ1955 እ.ኤ.አ. ቶማስ ፓከንሃም የሚባል፣ ገና ከኦክስፎርድ የወጣ ወጣት እንግሊዛዊ በበቅሎ እዚህ ደርሶ ነበር። የነገሥታት ልጆች የሚታሰሩባቸውን ተራሮች ፍለጋ ነበር የመጣው። ከውጭ ሲያየው በየመንደሩ እንዳለው ሁሉ ክብ፣ የሣር ክዳን ያለው ቤተ ክርስቲያን ነው። ሲገባ ግን በክቡ ውስጥ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ አገኘ! ከጎንደር ነገሥታት ዘመን በፊት የታነፀ፣ አራት ማዕዘን፣ ከተጠረበ ድንጋይና ከእንጨት የተሠራ። ወሬውን በ1959 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «የራሴላስ ተራሮች» በተባለው መጽሐፉ ለዓለም ነገረ። «አገኘው» ይሉታል እነሱ። ዕድሜ ልካቸውን እዚያው የሚያስቀድሱት የጋይንት ሰዎች ጠፍቶብናል አላሉም ነበር እንጂ!

እኛ የገባነው እስከሚፈቀድልን ድረስ ነው። ዓይናችን ጨለማውን እስኪለምድ ትንሽ ቆየን። ከዚያ በክቡ ግድግዳ ውስጥ ያ የድሮው ግድግዳ ቀስ እያለ ታየን። የሠሩት ሰዎች ስማቸውን አልጻፉም። በኋላ የመጡት ደግሞ አሮጌ ነው ብለው አላፈረሱትም፣ አዲሱን በላዩ ላይ አለበሱት። የደብረ ዳሞው ጥንታዊ የእንጨትና የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ እየፈታቱ እንደገና መገጣጠም አስፈልጎታል። በዩክሬን ሆርቲትሲያ በሚባል ደሴት ላይ ደግሞ የድሮዎቹን የኮሳኮች ሰፈር ከነእንጨት ቤተ ክርስቲያኑ ሀ ብለው እንደ አዲስ ሠርተው ለጎብኚ ከፍተውታል። ጥሩ ነው፣ ጠፍቶ ከመቅረት ይሻላል። ጋይንት ላይ ግን አጥርም ትኬትም አላየሁም፤ ሕፃናቱ ዜማቸውን፣ ቄሶቹ ቅዳሴያቸውን ይዘው ቤቱ እንደ ቤት ይኖራል።

ጓደኛዬ ስትወጣ ወደ እጮኛዋ ዞር ብላ «ይሄ ቤት አንተን ነው የሚመስለው። ውጪውን አይቼ ውስጡን አላወቅኩም» አለችው። ሳቀ። ከሁለት ሳምንት በኋላ መጀመሪያ የሳቀው ያኔ ነው።

ግን ነገሩ በሳቅ አላለቀም። ማታ ነፋስ መውጫ አንዲት ትንሽ አልቤርጎ ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንበን ተቀምጠን፣ ጓደኛዬ የሆዷን አወጣችው። «ለምነህ ማደግህ አይደለም የሚያናድደኝ። እኔ ላይ ሁለት ዓመት የሌለ አባት ቀብረህ፣ እኔም አዝኜልህ! ያንተ አባት አለ ወይስ የለም?»

«አለ» አላት። «እስቴ ነው ያለው። አራሽ ነው።»

«ለምን ጠፋህ ታዲያ? ከየኔታስ ለምን ጠፋህ?»

ከአባቱ የጠፋው ለመማር ነው፤ አባትየው በግ ጠብቅ ስላሉት። ከየኔታ የጠፋው ደግሞ አንድ ክረምት ውሻ ነክሶት፣ ቁስሉ አመርቅዞ፣ ሲሻለው በአንድ አይሱዙ ላይ ተሳፍሮ ወረታ ወረደ፤ ከዚያ ባህር ዳር። ቀን ሸክም፣ ማታ ትምህርት። ሳይጨርስ ስለሄደ ወደ የኔታ መመለስ አፈረ። ሳይማር ጠፋ እንዳይባል ደግሞ ወደ አባቱ መሄድ አፈረ። እንግዲህ «የባህር ዳሩ ልጅ» የተወለደው እንዲህ ነው። እኔ ለማኝነቱን የደበቀ መስሎኝ ነበር። የደበቀው ያልጨረሰውን ነገር ኖሯል።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉት ነበር? እኔ ቢጠይቁኝ ኖሮ፣ ማፈሩን ይቅር በይው፣ ውሸቱን ግን ዝም ብለሽ አትለፊው እላት ነበር። ሳትጠይቀኝ አደረገችው። «አባትህን ሳላይ አዲስ አበባ አልመለስም» አለች። በማግስቱ ወደ ደብረ ታቦር ተመልሰን በመካነ ኢየሱስ በኩል እስቴ ገባን። አባትየው አውድማ ላይ ነበሩ። ልጃቸውን ከራስ ፀጉሩ እስከ ጫማው አዩት። እኔ ጩኸት ጠበቅኩ፣ ልቅሶ ጠበቅኩ። ሰውየው «በልተሃል?» አሉት። በቃ። ሌላው ሁሉ ከጠላው በኋላ ነው የመጣው።

ሰርጉ በተቆረጠለት ቀን ሆነ። አባትየው ነጭ ጋቢ ለብሰው አዳራሹ ውስጥ ሲገቡ የጓደኛዬ እናት ከወንበራቸው ተነስተው ተቀበሏቸው። ከአንድ ቀን በፊት ግን «የቀበራችኋቸው ሰውዬ ናቸው የሚመጡት?» ብለው ሙሽራውን ሲያላግጡበት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ልሂድ ብላችሁ ከተነሳችሁ አንዳንድ ነገር ልንገራችሁ። ከ2015 ዓ.ም ወዲህ በክልሉ በተነሳው ግጭት ምክንያት መንገዱ እንደ ልብ የሚሄዱበት አይደለም። አገሩን የሚያውቅ ሰው ጠይቃችሁ፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን አጣርታችሁ ብቻ ተነሱ። ጋቢ ወይም ወፍራም ሹራብ ያዙ። ሴቶች ነጠላና ረጅም ቀሚስ፤ ሌላውን ደንብ ታውቁታላችሁ። ጫማ ይወልቃል፣ ስለዚህ የተቀደደ ካልሲ አታድርጉ፣ እኔ አድርጌ አፍሬአለሁ። ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሱ፣ በተለይ የሚለምኑትን ሕፃናት። እነዚያ ልጆች ትዕይንት አይደሉም፣ ትምህርት ላይ ናቸው። ስጦታ ካሰባችሁ ጧፍና ዕጣን ለቤተ ክርስቲያኑ፣ ደብተርና ስክሪብቶ ለተማሪው። ቀይ ስክሪብቶ ቢበዛ ይመረጣል።

አሁን ደግሞ ወደዚያው ክረምት ልመልሳችሁ። ነሐሴ 2013 ዓ.ም ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ደረሰ። ከተማዋ በትግራይ ኃይሎች እጅ ወደቀች። በኋላ የሰማነው፣ በሴቶች ላይ የደረሰው ግፍ፣ በዚህ አምድ የሚጻፍ አይደለም። ስማዳ ከአንድ ሱቅ ይደውልበት የነበረው ስልክ ጠፋ። ባልና ሚስቱ ቤት በየማታው ስልክ ይሞከራል። ከሁሉ በላይ የገረመኝ እናትየው ናቸው። ያቺ ጠበል ያመላለሷት እናት በየጠዋቱ ደውለው «የኔታ ደህና ናቸው ወይ? ወሬያቸው ተሰማ?» ይላሉ። አንድ ቀን እኔንም «አንቺ ጋዜጣ ላይ የምትጽፊ አይደለሽም እንዴ? እንዴት አታውቂም!» ብለው ተቆጡኝ።

መስከረም ላይ፣ ቡና ተፈልቶ ሁላችንም ቁጭ ባልንበት፣ ስልኩ ጠራ። ስማዳ ነው። ድምፁ ይቆራረጣል። «የኔታ ደህና ናቸው። እኛም አለን። የኔታ፣ እስቴ ድጓውን መቼ ነው የሚጨርሰው ብለዋል።»

እናትየው ሲኒያቸውን አስቀመጡና ወደ አማቻቸው ዞሩ።

«ሰማህ አይደል? መቼ ነው የምትጨርሰው?»